ቁልፉ የሚታሰርበት ብረት የታለ?

ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው ከፖሊስም፣ ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቆልፈኸው ነበር?» «አዎ» ሲል ሁለተኛው ይከተላል፦ «በምን ቁልፍ?» ከዚህ በኋላ ምንም ቢመልስ አያመልጥም። ሽቦው ቀጭን ነበር፤ ጓጉንቸሩ ርካሽ ነበር፤ እዚያ ማቆም አልነበረበትም፤ ይዞት መግባት ነበረበት። ምርመራው ሲያበቃ ሌባው ተረስቶ ጥፋቱ በሙሉ ባለቤቱ ላይ ተጭኗል። የመኪናው ስፖኪዮ የተነቀለበትን ሰው ግን «ለምን ውጭ ተውከው?» የሚለው የለም። አብረነው እናዝናለን፣ ሌባውን እንረግማለን።

«ጠንካራ ቁልፍ ይግዛ» የሚለው ፍርድ በየቢሮውና በየቡና ቤቱ ከመደጋገሙ የተነሳ እውነት መስሎናል። እኔ ስህተት ነው እላለሁ። ብስክሌት ይሰረቅ አይሰረቅ በዋናነት የሚወስነው የቆመበት ቦታ ነው። ቦታውን ደግሞ ባለብስክሌቱ አይሠራውም፤ የሚሠራው የከተማ አስተዳደሩ፣ የሕንፃው ባለቤት፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ነው። እነዚህ ሁሉ የራሳቸውን ኃላፊነት ከትከሻቸው አውርደው በአንድ ግለሰብ ቁልፍ ላይ ጥለውታል።

ከቁልፉ ልጀምር፤ የዚያ ፍርድ ምሰሶ እሱ ነውና። ቁልፍ ለባለቤቱ የሚያስገኝለት ጊዜ ነው፤ ከጊዜ ሌላ የሚሰጠው የለም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ በላስቲክ የተሸፈነው ቀጭን የሽቦ ገመድ በእጅ መቁረጫ በሰከንዶች ይበጠሳል። ወፍራም ሰንሰለትና የዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ጊዜውን ወደ ደቂቃዎች ያራዝሙታል። እንግሊዝ ውስጥ ቁልፎችን የሚፈትነው ሶልድ ሴኪዩር የተባለው ድርጅት ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና አልማዝ እያለ ደረጃ ይሰጣል። የፈተናው ጥያቄ ይህን ይህን መሣሪያ የያዘ ሌባ ቁልፉን ለማሸነፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል የሚል ነው። «የማይከፈት» የሚባል ደረጃ የለም፤ የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለ ቁልፍ እንደሌለ ያውቃሉ።

የዩ ቁልፍ ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1972 ክሪፕቶናይት የተባለው የአሜሪካ ቁልፍ ኒው ዮርክ ውስጥ ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር ተፈተነ። አንድ ብስክሌት ከመንገድ ምልክት ብረት ጋር ተቆልፎ ለ30 ቀናት እዚያው ተተወ። ቁልፉ አልተበገረም። ከብስክሌቱ ላይ ሊፈታ የሚችለው ዕቃ ግን ሁሉም ተፈትቶ ሄዷል። ለቁልፍ ሻጭ ይህ ድል ነው። ጠዋት ተነስቶ ሥራ ለሚሄድ ሰው ግን ባዶ ፍሬም ከነቁልፉ ቢቆየው ምን ይሠራለታል? እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ክብ ቀዳዳ ያላቸው ቁልፎች በተራ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ በኢንተርኔት ተሰራጨ፤ ኩባንያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁልፎችን በነፃ ለመቀየር ተገደደ። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር በትከሻ ቦርሳ ይያዛል። የጠነከረውን የዩ ቁልፍ ሳይቀር በአንድና ሁለት ደቂቃ ይቆርጠዋል። ግራይንደርን የሚቋቋሙ አዳዲስ ቁልፎች መጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን እኛ ጋ ከብዙዎቹ ብስክሌቶች ዋጋ ጋር ይፎካከራል።

እንግዲህ ግራይንደር ይጮኻል፣ ፍንጣሪም ይረጫል። ሰው በሚተላለፍበት፣ ጥበቃ በቆመበት በር ላይ ያ ጩኸት ሌባውን ያስይዘዋል። ከሕንፃው ጀርባ፣ ጄኔሬተር በሚያጓራበት ጥግ ግን ማንም አይሰማውም። ያው ቁልፍ፣ ያው ብስክሌት፣ ያው ሌባ ሆነው ውጤቱ የተለየው ቦታው ስለተለየ ነው። ቁልፉ የገዛው ሁለት ደቂቃ ዋጋ የሚኖረው በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያይ ዓይን ካለ ብቻ ነው።

ቁልፍ አትግዙ ማለቴ አይደለም። አቆላለፍ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ አገራችን ውስጥ ብስክሌት የሚሸጥ ሁሉ ለገዢው ሊነግረው ይገባ ነበር። ቁልፉ ፍሬሙንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይዞ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይታሰራል። የፊት ጎማ በእጅ በሚላቀቅ ማጠፊያ የተያዘ ከሆነ ማጠፊያው በብሎንና በዳዶ ይቀየራል፣ ወይም ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመርለታል። በዩ ቁልፍ ውስጥ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ሌባው ዘንግ አስገብቶ የሚፈለቅቀው በዚያ ክፍተት ነውና። ቁልፉ መሬት አይንካ፤ መሬት ላይ የተኛ ሰንሰለት ለመዶሻና ለመቁረጫ ይመቻል። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር። መብራት፣ ፓምፕና ቦርሳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነም ባትሪው፣ አብረው ይግቡ። ማታ ብስክሌት ውጭ አያድርም፤ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ቢያድርም ይቆለፋል፣ የጋራ ደረጃ የማንም አይደለምና። ከፔዳሎቹ መጋጠሚያ ሥር የተቀረጸው መለያ ቁጥር በተገዛበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። ይህን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ሌላውም እንዲያደርግ እመክራለሁ።

አሁን ከዚያ ምክር ውስጥ የመጀመሪያዋን ሐረግ መለስ ብላችሁ እዩልኝ፦ «ከማይነቃነቅ ነገር ጋር»። የአቆላለፍ ዕውቀት ሁሉ የተገነባው በዚህች ሐረግ ላይ ነው። ያ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ተከትላችሁ፣ አንድ ብስክሌት በሥርዓት የሚታሰርበት ብረት ፈልጉ። የመብራት ምሰሶው ወፍራም ነው፣ የዩ ቁልፍ አያቅፈውም። የትራፊክ ምልክቱ ዘንግ አጭር ከሆነ ብስክሌቱ ከነቁልፉ በላዩ ተነስቶ ይወጣል። የግቢው አጥር ቀጭን ቱቦላሬ ነው፣ ከቁልፉ በፊት እሱ ይቆረጣል። ችግኙ ገና ትናንት የተተከለ ነው፤ በእሱ ላይ ማሰር ብስክሌቱን ለሌባ፣ ዛፉን ለሞት መስጠት ነው። የባንኩ በር ላይ ጥሩ ብረት ይኖር ይሆናል። እዚያ ቁጢጥ ብላችሁ መቆለፍ ስትጀምሩ ግን ጥበቃው ይመጣል፦ «ሳይክል እዚህ አይቆምም፣ አንሳ!»

በዚህ መሐል «በምን ቁልፍ?» ብሎ መጠየቅ ምን ትርጉም አለው?

የብስክሌት መንገዱ መሠራቱን አደንቃለሁ። «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ የመንገድ ቀን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ እሁድ ጠዋት መኪና የሌለበት አስፋልት ማየት ራሱ ብርቅ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች። አስፋልቱ ተቀብቷል፣ መስመሩ ተሰምሯል። ነገር ግን ጉዞ መነሻና መድረሻ አለው። ሰው ብስክሌት የሚጋልበው ለመድረስ ነው፤ ደርሶ የሚያቆምበት ከሌለው የተሠራለት መንገድ የእሁድ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል። ለመኪና ይህን ስህተት አንሠራም። ሕንፃ ሲገነባ የመኪና ማቆሚያው ይጠየቃል፣ ምድር ቤቱ ይቆፈራል፣ መንገድ ዳር ፓርኪንግ የሚያስከብሩ ወጣቶች ተደራጅተው ትኬት ይቆርጣሉ። በአንድ መኪና ቦታ ላይ አሥር ብስክሌት ይቆማል። ያንን አንድ ቦታ ከሃምሳና ከስልሳ መኪና ማቆሚያ መሐል ቆርሶ ለብስክሌት የሰጠ ሕንፃ ፈልጋችሁ ጥቂት ብታገኙ ነው።

ማቆሚያ አለን የሚሉትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ያስቀመጡት የፊት ጎማ ብቻ የሚሰካበትን ዝቅተኛ የብረት መደርደሪያ ነው። ይህ ከሁሉ የባሰ ማታለያ ነው። ፍሬሙን ከብረቱ ጋር ማገናኘት ስለማይቻል ባለቤቱ ጎማውን ይቆልፋል፤ ሌባው ማጠፊያውን ፈትቶ ጎማውን ለባለቤቱ ትቶለት ብስክሌቱን ይዞ ይሄዳል። ሰው ወይም ንፋስ ገፋ ሲያደርገውም ቸርኬው ይጣመማል። የባለሙያዎቹ መልስ ከታወቀ ቆይቷል፤ በእንግሊዟ ከተማ ስም ሼፊልድ ተብሎ የሚጠራው ማቆሚያ ነው። ክብ የብረት ቱቦ እንደ ተገለበጠ ዩ ይታጠፍና ሁለት እግሩ አርማታ ውስጥ ይቀበራል፤ ከመሬት ወደ 75 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፣ በሁለት ጎኑ ሁለት ብስክሌት ይደገፍበታል፣ ፍሬምና ጎማ አንድ ላይ ይታሰርበታል። በሁለት ማቆሚያ መካከል 1 ሜትር ያህል ይተዋል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የለበትም። ማንኛውም የሰፈር ብየዳ ቤት በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ይህን እያወቅሁ «በጀት የለም» የሚለውን መልስ መቀበል አልችልም፤ የዚያው ሕንፃ በር ላይ የቆመው የመስታወትና የእብነ በረድ ጌጥ ስንት እንደፈጀ ዓይኔ እያየ ነው።

ብረቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የት እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ማቆሚያው ከዋናው በር ጥቂት እርምጃ ላይ፣ መብራት ሥር፣ ጥበቃውና ተላላፊው በሚያዩት ቦታ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሠራተኛና ተማሪ ደግሞ የተከለለ፣ ጣሪያ ያለው፣ ገቢና ወጪው የሚታወቅ ቦታ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሁለቱም ተገላብጠዋል። «ውበት እንዳያበላሽ» እየተባለ ማቆሚያው ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ ከሕንፃው ጀርባ ይገፋል። ሌባ የሚፈልገው የሥራ ቦታ ይህ ነው።

ምግብና ዕቃ በብስክሌት የሚያደርሱትን ወጣቶች አስቡ። ለእነሱ ይህ ጉዳይ በየሰዓቱ የሚመጣ ፈተና ነው። ደንበኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት ካለ ብስክሌት አይፈቀድበትም፤ በሩ ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው። ወጣቱ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ሮጦ ይወጣል፣ ልቡ ግን ታች ነው። በዚያች ደቂቃ ብስክሌቱ ከጠፋ ሥራውም ጠፋ፤ ሌላ ለመግዛት የወራት ገቢ ያስፈልገዋል። ይህን ልጅ «ለምን በደንብ አልቆለፍክም?» ብሎ መገሠጽ ግፍ ነው። ምግቡን ያዘዘው ሰው፣ ድርጅቱና ሕንፃው ሦስቱም ከእሱ ጉልበት ይጠቀማሉ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ሁለት ሜትር ብረት አልተከሉለትም።

«ያደጉት አገሮች የቻሉት ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እስቲ ምን እንዳደረጉ እንይ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥ ብስክሌት አለ። ስርቆትም አለ፣ አልጠፋም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በቁልፍ ላይ አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩትሬክት ከተማ ባቡር ጣቢያ ሥር ወደ 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከውሃ በታች፣ 7,000 ብስክሌት የሚይዝ ሌላ ከፈተች። የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ይከፈላል። ሕንፃዎቹ ውድ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚሠራው ነገር ግን ቀላል ነው፦ መግቢያና መውጫው ይታወቃል፣ የገባው ይመዘገባል፣ የሚጠብቅ ሰው አለ።

የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ወደ አንዳንድ ኤምባሲና መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ያውቃል፤ ስልክና ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ሴቶችና ወጣቶች ዕቃውን ይቀበሉታል፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጡታል፣ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ሲወጣ ዕቃውን ይረከባል። ማንም ያልመራው፣ ማንም ያልበጀተለት አሠራር ነው፤ ሰውም አምኖት ውድ ስልኩን ያስረክባል። ብስክሌት ከስልክ ይልቅ ለመደበቅ ያስቸግራል፣ ለመጠበቅም ይቀላል። የመኪና ፓርኪንግ የሚያስከብሩት ወጣቶች አሥር የብረት ማቆሚያ ቢጨመርላቸው፣ በካርድ ቢቀበሉና ቢያስረክቡ፣ ኃላፊነታቸው በውል ቢታወቅ፣ ከመገናኛና ከሜክሲኮ እስከ መርካቶ አስተማማኝ ማቆሚያ ይኖረን ነበር። ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳማ ከተማ፣ ብስክሌት የሠራተኛውም የተማሪውም እግር በሆነበት አገር፣ በየገበያውና በየግቢው በር እንዲህ ያለ ቦታ ማዘጋጀት ከማንም የቀደመ ሥራ መሆን ነበረበት።

«ስርቆት የፖሊስ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ፖሊስ ግን የተያዘ ብስክሌት የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ያስፈልገዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ብስክሌት እንዲመዘገብ በሕግ አስገድዳለች። ሲገዛ ትንሽ ክፍያ ተከፍሎ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ፖሊስም መንገድ ላይ አስቁሞ ቁጥሩን ከጋላቢው ስም ጋር ያመሳክራል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያገለገለ ብስክሌት ሊገዛ የፈለገ ሰው ቁጥሩ በስርቆት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይችላል። የእኛም የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የገዛን ሰው ይጠይቃል፤ ነገር ግን መዝገብ በሌለበት «አላውቅም ነበር» የሚለውን ገዢ ማን ይረታዋል? ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥር ያስቀረጸ ባለመኪና አዲስ አበባ ውስጥ ማየት ብርቅ አይደለም፤ የተቀረጸበት ዕቃ ሲሸጥ ስለሚያሳብቅ ነው። ለብስክሌት ቁጥሩን ፋብሪካው ቀርጾልናል። የቀረው ወረዳው ወይም ትራፊክ ፖሊሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ሻጩ ሲሸጥ ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ማስገደድ ብቻ እንኳ ትልቅ መጀመሪያ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ክርክር ነው፦ «መጀመሪያ ብስክሌተኛው ይብዛ፣ ማቆሚያው ከዚያ ይመጣል።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በር ላይ ቆመው ይቆጥራሉ፤ በቀን ሁለት ሦስት ብስክሌት ያያሉ፤ ለሁለት ሦስት ሰው ብረት መትከል ያሳፍራቸዋል። ያልቆጠሩት ግን ቤቱ የቀረውን ነው። ብስክሌቱ ተሰርቆበት ወደ ሚኒባስ ሰልፍ የተመለሰውን፣ በረንዳው ላይ አቧራ እያለበሰ ያስቀመጠውን፣ ልጁ ብስክሌት ግዛልኝ ስትለው «ት/ቤት የት ታቆሚዋለሽ?» ብሎ ዝም ያሰኛትን አባት አልቆጠሩም። ሴቶች ደግሞ ከሌባው በተጨማሪ የመንገድ ላይ ለከፋን ይሸከማሉ፤ በጨለማ ጥግ ላይ ተደፍታ ከቁልፍ ጋር እንድትታገል የሚያስገድድ ማቆሚያ ለአንዲት ሴት እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ጥያቄውን ከባለብስክሌቱ ላይ አንስተን ወደ ባለቦታው እናዙር። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ከመኪና ማቆሚያው ጋር የብስክሌቱንም በግልጽ ይጠይቅ፤ ጎማ የሚሰካበትን ሳይሆን ፍሬም የሚታሰርበትን። የኮሪደር መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል በየተወሰነ ርቀት የተገለበጠ ዩ ይትከል፣ ቦታውንም በምልክት ያሳይ። ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ከበራቸው ውስጥ፣ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ፣ የተከለለ ቦታ ይስጡ። ብስክሌት የተሰረቀበት ሰውም አፍሮ ዝም አይበል፤ ከነመለያ ቁጥሩ ለፖሊስ ያመልክት፣ የተሰረቀበትን ግቢ ኃላፊም «ማቆሚያችሁ የት ነበር?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። ያልተመዘገበ ስርቆት ለበጀት ክርክር አያገለግልም።

የመሥሪያ ቤት ወይም የሕንፃ ኃላፊ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ ደግሞ ከበጀት በፊት የሚሠራው አንድ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ወደ በሩ ይውረድና ጥበቃውን ይጠይቀው፦ ብስክሌት ይዞ የመጣ እንግዳ ሲያይ ምን እንዲል ነው የታዘዘው? ትዕዛዙን የሰጠው ማን ነው?